ሬልጋን፦ ያለ ባሩድ የሚተኩሰው መድፍ ምን አስቸገረው?

መድፍ ባሩድ ከሌለው ጥይቱን በምን ያስወነጭፋል? በኤሌክትሪክ! ሬልጋን የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ሐዲዶችን አስቡ። መሃላቸው ሁለቱንም የሚነካ ተንሸራታች ብረት አለ፤ ጥይቱ ከፊቱ ይቀመጣል። ከረንቱ በአንዱ ሐዲድ ይገባል፣ በተንሸራታቹ ይሻገራል፣ በሌላኛው ሐዲድ ይመለሳል። ከረንት በሚያልፍበት ዙሪያ ደግሞ ሁሌም መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ ይህ መስክ ተንሸራታቹን ወደፊት ይገፋዋል። ከረንቱን እጥፍ ብታደርጉት የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

የባሕር ኃይሎች ይህን የሚፈልጉት በምክንያት ነው። የተለመደው የመርከብ መድፍ ጥይቱን በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ሬልጋን ግን ከ2,000 ሜትር ማለፍ ይችላል። ጥይቱም ከሚሳኤል በጣም ይረክሳል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2010 ቨርጂኒያ፣ ዳልግረን ውስጥ 33 ሜጋጁል ኢነርጂ ያለው ተኩስ ሞከረ። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲበር ያለው ኢነርጂ 1 ሜጋጁል ያህል ነው። እንግዲህ 33 መኪና አንድ ላይ ሲላተም አስቡት!

ግን ቆይ፣ እንቁጠረው። 33 ሜጋጁል 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 3 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል። ታዲያ ምኑ ከበደ? ጊዜው ነዋ! ሐዲዱ 10 ሜትር ቢሆንና ጥይቱ በሰከንድ 2,500 ሜትር ይዞ ቢወጣ፣ ሐዲዱ ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ መቶኛ ላነሰ ጊዜ ነው። የሦስት ሰዓቱ ኢነርጂ በዚያች ቅጽበት መለቀቅ አለበት፤ ስለዚህ በሚሊዮን አምፒር የሚቆጠር ከረንት ያስፈልጋል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ከረንቱ በሁለቱ ሐዲዶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄድ ሐዲዶቹ ራሳቸው ይገፋፋሉ፤ ሊለያዩ ይታገላሉ። ሙቀቱና ፍትጊያው ደግሞ የሐዲዱን ፊት እየላጠ ይበላዋል። ሐዲዱ ቶሎ ካለቀ መርከቡ ውጊያ መሃል ምን ሊያደርግ ነው?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሮጀክቱን አቆመች፤ ትኩረቷን ከድምፅ በብዙ እጥፍ ወደሚፈጥኑ ሚሳኤሎች አዞረች። ፉክክሩ ግን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሬልጋን የሚመስል ትልቅ መድፍ የተጫነበት የቻይና መርከብ ፎቶ ወጥቶ ነበር። ጃፓን ደግሞ አነስ ያለ፣ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ሬልጋን መርጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመርከብ ላይ መተኮሷን አስታወቀች። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የምትፈልገው በጣም ፈጣን ሚሳኤሎችን አየር ላይ ለመምታት ነው።

ስለዚህ ወደፊት የሬልጋን ዜና ስትሰሙ «ስንት ሜጋጁል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ሐዲዱ ሳይቀየር ስንት ጊዜ ይተኩሳል?» ብላችሁም ጠይቁ። ሬልጋን መርከብ ላይ ሊውል የሚችል መሣሪያ መሆኑን የሚለየው ይህ ቁጥር ነው።