ግድግዳ ላይ የወጣ ሐረግ

ሐረግ በቤታችን ግድግዳ ላይ ሲወጣ ያምራል። ነገር ግን የጭቃ ቤት ጠላት ነው። ለምን?

በክረምት ቅጠሉ እርጥበት ይዞ ያቆያል። ግድግዳው ቶሎ አይደርቅም። ልስኑ ይሰነጠቃል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል። ምስጥ ደግሞ እርጥብ ቦታ ይወዳል፤ በቅጠሉ ተሸፍኖ ሲወጣ አይታየንም። አይጥም በሐረጉ ተንጠላጥላ ጣራ ውስጥ ትገባለች።

ታዲያ እንዴት እናጥፋው? በእርጥቡ አንጎትተው፤ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ዝናቡ ሲያባራ፣ በጥቅምት፣ ግንዱን ከሥሩ በማጭድ ወይም በገጀራ እንቁረጠው። 3 ሳምንት ያህል ይድረቅ። ከዚያ ቀስ ብለን እናውርደው። ሥሩን ቆፍረን ካላወጣን ግን ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ስንጥቁን ከጤፍ ጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ እንምረገው።

ቦታው ባዶ አይደር። አፈሩን በፍግ እናልማው። ከግድግዳው 2 ክንድ ያህል ራቅ አድርገን ጎመንና ጤና አዳም እንትከል። ዝናብ ስለሌለ ማታ ማታ ውሃ እናጠጣ። ውሃው ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ቦዩን ወደ ውጭ እናውጣ።

እንዲህ ካደረግን ግድግዳችንም ይጸናል፤ ከጓሯችንም ጎመን አይጠፋም።