ፕላዝማው አይጠብቅም ነበር፤ ስልክሽ ግን ይጠብቅሻል!

አንዲት የኮተቤ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ እንዲህ ስትል አማክራናለች፦ «ማታ ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ትምህርት አያለሁ። ሳየው ሁሉም ይገባኛል። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን ባዶ ነኝ! እናቴ ደግሞ ‹ስልክ ላይ ተጥደሽ ታነጊያለሽ› እያለች ልትቀማኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መፍራትሽ አይገርምም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ያኔ ጉድ ያላለ ማን አለ?

ግን ነገሩ ባንቺ አልተጀመረም። ታላላቆችሽን ስለ «ፕላዝማ» ጠይቂያቸው። ከ1997 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው በሳተላይት፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ይለቀቅ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ልጅ ሙከራውን ቢያንስ በዓይኑ አየ። ችግሩ ወዲህ ነው… ቴሌቪዥኑ አይቆምም፣ አይደግምም! ጥያቄ ያወጣል፣ ሰኮንድ ይቆጥራል፣ ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ተናግሮ እብስ! መምህሩም በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆኖ ጥግ ይዞ ይቆማል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ማየር በዚህ ጉዳይ ብዙ ሙከራ ሠርቷል። ሰው ከቃል ብቻ ይልቅ ቃልና ሥዕል አብረው ሲቀርቡለት የተሻለ ይማራል። ሆኖም ትምህርቱ ቆረጥ ቆረጥ ብሎ በተማሪው ፍጥነት ሲሄድ ነው ይበልጥ የሚጠቅመው።

እንግዲህ እኅቴ፣ ስልክሽ ፕላዝማው ያልነበረው ነገር አለው፦ ማቆሚያ። አምስት ደቂቃ እዪና አቁሚው። ስልኩን ገልብጠሽ አስቀምጪና ያየሽውን ከጭንቅላትሽ ጻፊ፣ ሥዕሉንም ሣዪ። ከዚያ ከፍተሽ አርሚ። ሒሳብ ከሆነማ ጥያቄው እንደወጣ አቁሚው፤ መልሱን ሳታዪ ታገዪ። «ገባኝ» ሌላ፣ «እኔው እሠራዋለሁ» ሌላ!

እናትሽንም አትሽሻት። በእንግሊዝኛ የሰማሽውን ቡና ላይ በአማርኛ አስረጃት። የተንተባተብሽባት ቦታ፣ እሷ ናት ያልገባችሽ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ስልኩን ራስሽ አስረክቢያትና ተኚ፤ መቀማቱም ይቀራል።

ደግሞስ ሁሉ ነገር ስክሪን ላይ ነው ያለው ማን ነው? ጂኦግራፊ የምታጠኚ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞችሽ ጋር እንጦጦ ውጪ (ለፎቶ ብቻ አይደለም!)። ተፋሰስ የሚባለውን ነገር እዚያ ቆመሽ ታዪዋለሽ። ወደ ከተማው የወረደው ዝናብ በቀበና አድርጎ አቃቂ፣ ከዚያም አዋሽ ይገባል፤ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ከጀርባሽ፣ ወደ ሱሉልታ የወረደው ደግሞ ለዓባይ ገብሮ ወደ ሜዲትራንያን ይጓዛል። ደብተርና እርሳስ ይዘሽ ሂጂና ሁለቱንም መንገድ እዚያው ቁጭ ብለሽ ሣዪያቸው።