ልጅዎ አዲሱን ልጅ ምን ብሎ ይጠራዋል?

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ሐዘኑ ሳይወጣ፣ በ2014 ዓ.ም. እዚያው ዳባት የአለምዋጭ መጠለያ ተከፈተ፤ በትግራይ ተጠልለው የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞችም ከነልጆቻቸው መጡ። ሐዘንተኛና ስደተኛ ጎረቤታሞች ሆኑ። ልጆቻቸው መከባበርን ከየት ይማሩ?

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ ይሰጣል። መምህሩ ያስተምራል፤ ተማሪውም በፈተና ይመልሳል። እንግዳውን ልጅ በዕረፍት ሰዓት ምን ብሎ እንደሚጠራው ግን የሚማረው ቤት ውስጥ ነው። እርስዎና ባለቤትዎ በማዕድ ላይ ስለ ጎረቤት የሚጨዋወቱትን ልጅ ይሰማል።

ዛሬ ማታ ይጠይቁት፦ «ክፍላችሁ የገባው አዲስ ልጅ ስሙ ማን ነው?» ካላወቀው፣ ነገ ጠይቆት እንዲመጣ ይንገሩት።