በአውሮፓ በአውቶሞቢል ረዥም ጉዞ ለሚያስብ ነጋዴ

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንዲሉ፣ በአውሮፓ ብዙ አገሮችን በአውቶሞቢል አቋርጦ ደንበኞቹን ሊጎበኝ የሚያስብ ነጋዴ ጉዞውን ከሥሩ ሊጀምር ይገባዋል። የዚህ ጉዞ ሥር ወረቀቱ ነው፤ ካርታ የሚዘረጋው ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። በነጋዴ ጸሐፊነት ለብዙ ዘመን የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከገዢ ጋር የተያዘ ቀጠሮ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ሳይነሡ በፊት በተዘነጋ ትንሽ ነገር ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ የቡና ላኪ በምሳሌነት እንውሰድ። ይህ ነጋዴ ከሐምቡርግ ተነሥቶ በቤልጂክ አንትወርፕ፣ በሉክሰምቡርግና በስትራስቡርግ በኩል ወደ ስዊስ ባዝል፣ ከዚያም በሚላኖ አድርጎ እስከ ትሪየስቴ ይጓዛል እንበል። የሐምቡርግ የመጋዘን ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1888 ተከፍቶ ለረዥም ዘመን ቡናና ቅመም ሲከማችበት የኖረ ነው። ትሪየስቴም እ.ኤ.አ. በ1719 ነፃ ወደብ ተብላ የተሰየመች፣ ዛሬም ስመ ጥር የቡና ቆዪ ድርጅቶች ያሉባት ከተማ ናት። መንገዱ በጠቅላላው 2000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

1ኛ፤ ስለ ቪዛ። ከላይ የተባሉት አገሮች ሁሉ የሼንገን ስምምነት አባሎች ናቸው። ይህ ስምምነት በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1985) በሉክሰምቡርግ አገር ሼንገን በምትባል መንደር፣ በሞዜል ወንዝ ላይ በቆመች መርከብ የተፈረመ ሲሆን ዛሬ 29 አገሮችን ያቅፋል። አንድ ቪዛ ለሁሉም ይበቃል፤ ቆይታው ግን በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን ማለፍ የለበትም። የመግቢያውም የመውጫውም ቀን ይቈጠራል።

ጥያቄው የሚቀርበው መጀመሪያ ለሚረገጠው አገር ኤምባሲ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ደንቡ ግን ጥያቄው በቆይታ ርዝመት ወይም በጉዞው ዓላማ ዋና መድረሻ ለሆነው አገር እንዲቀርብ ያዛል። የእኛ ነጋዴ በሐምቡርግ 4፣ በአንትወርፕ 3፣ በባዝል 1፣ በሚላኖና በትሪየስቴ 6 ሌሊት የሚያድርና በሁሉም ቦታ ለአንድ ዓይነት ጉዳይ የሚሄድ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ጀርመን ቢያርፍም ማመልከቻው ለኢጣልያ ይሆናል። ስለዚህ የየከተማው ሌሊት ተቈጥሮ ሳይወሰን ወደ ኤምባሲ መሄድ ድካም ነው።

ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማቅረብ ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚመረመርበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ መወሰኑ መዘንጋት የለበትም። አስተዋይ ነጋዴ እንግዲህ ከመነሻው ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድሞ ይጀምራል። እንደዚሁም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ሎንዶንን በጉዞው መካከል ሊያገባ አይገባውም፤ እንግሊዝ ከስምምነቱ ውጭ ስለሆነች ወጥቶ መመለስ አይቻልም። የሎንዶን ጉዳይ ካለው፣ የእንግሊዝን ቪዛ ለብቻው አውጥቶ በመጨረሻ ያድርገው። ከ30,000 ዩሮ የማያንስ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።

2ኛ፤ ስለ አውቶሞቢሉ። የኪራይ ውል ሲፈረም መኪናው የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ በስም መጠቀስ አለባቸው፤ ያልተፈቀደ ድንበር ከታለፈ ኢንሹራንሱ ላይሠራ ይችላልና። መኪናውን ሐምቡርግ ተቀብሎ ትሪየስቴ ማስረከብ ከፍ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስከትላል። ነገር ግን ወደ ሐምቡርግ መመለስ ከ1200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ነዳጁ፣ የሆቴሉ ሒሳብና የሚባክነው ሁለት ቀን ከክፍያው ጋር ተመዛዝኖ መታየት አለበት። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ብቻውን አይበቃም፤ ከአገር ቤቱ መንጃ ፈቃድ ጋር አብሮ መያዝ አለበት።

3ኛ፤ ስለ መንገድ ክፍያ። ይህ ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመን አውራ ጎዳና የቤት አውቶሞቢል አይከፍልም። በፈረንሳይና በኢጣልያ በአብዛኛው የሚከፈለው በተጓዙት ርቀት መጠን ነው። ስዊስ 40 ፍራንክ የሚያወጣ የዓመት ፈቃድ ብቻ ስለምትሸጥ፣ ለአንድ ቀን የሚያልፍም የዓመቱን ይከፍላል። በአውስትርያ በኩል የሚመለስ ግን የ1 ቀን ወይም የ10 ቀን ፈቃድ ያገኛል፤ ሆኖም እንደ ብሬነር ያሉ መንገዶች የተለየ ክፍያ አላቸው። በብዙ የኢጣልያ ከተሞች እምብርት ደግሞ ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል አለ፤ የሚጠብቀው ካሜራ ነው። ቅጣቱ ነጋዴው አገሩ ከገባ ከወራት በኋላ በአከራዩ በኩል ይደርሰዋል። ስለዚህ ሆቴሉ ከዚህ ክልል ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

4ኛ፤ ስለ ናሙና። ስዊስ የሼንገን አባል ብትሆንም ከአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ክልል ውጭ ናት። ሰው ያለ ፓስፖርት ምርመራ ቢያልፍም ዕቃው ግን በባዝል ሲገባም፣ ወደ ኢጣልያ ሲወጣም የጉምሩክ ጉዳይ ይሆናል። የናሙናው ዓይነት፣ ክብደትና ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ ከከረጢቱ ጋር ይኑር፤ ለጉምሩክም ሳይጠየቁ ማስታወቅ ይገባል። ከኅብረቱ ክልል ሲገቡም ሆነ ሲወጡ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው እንዲሁ የማስታወቅ ግዴታ አለበት።

5ኛ፤ ስለ ቀንና ሰዓት። በደብዳቤያቸው «9:00» ብለው ቢጽፉ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ማለታቸው ነው። ሰዓታቸውም በበጋቸው ከእኛ በአንድ፣ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በጀርመን እሑድ ሱቆች ዝግ ናቸው። በኢጣልያ ነሐሴ 9 ቀን (በእነርሱ ኦገስት 15) ታላቅ በዓል ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን ብዙ ድርጅቶች ለዕረፍት ይዘጋሉ። በእኛ ክረምት ሥራ ቀዝቅዟል ብሎ የሚሄድ ነጋዴ የተዘጋ በር ያጋጥመዋል።

እንግዲህ ከመነሻው በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ቀኑ በሁለቱም አቈጣጠር፣ ማደሪያው፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ክፍያውና የሚጎበኘው ደንበኛ ስም በተርታ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ በነጋዴው ኪስ፣ ሁለተኛው በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ። ባዕድ ገዢ ሻጩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዝነው በቡናው ሳይሆን በቀጠሮው ነው፤ በሰዓቱ የደረሰን ነጋዴ ጭነቱም በሰዓቱ ይደርሳል ብሎ ያምነዋል።