ግድብ ቢበዛ ውሃ ይበዛልን?

ወንዝ በጎደለ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው «ግድብ ይሠራ» ብሎ ነው። ይህም አሳብ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን በሁሉ ስፍራ አይሠራም። ግድብ የሚጠቅመውን ወንዝ ከማይጠቅመው ለመለየት፥ በአሜሪካ አገር ያለውን የኮሎራዶን ወንዝ ታሪክ መመልከት መልካም ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኮሎራዶ ወንዝ በታላላቅ ተራሮች ላይ ከሚወርደው በረዶ ይመነጫል። ርዝመቱ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰባት የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ውሃውን ይካፈሉታል፤ ከዚያም ወደ ሜክሲኮ አገር ይወርዳል። በቀድሞው ዘመን ይህ ወንዝ እንዳልተገራ ፈረስ ነበረ። በረዶው በቀለጠ ጊዜ ሞልቶ እርሻውን ያጠፋል፤ በኋላ ግን ይጎድልና ገበሬው ውሃ ያጣል። በ1905 ዓ.ም. ጎርፉ የመስኖውን ቦይ ሰብሮ ወደ ዝቅተኛው ሜዳ ገባ፤ እስከ 1907 ዓ.ም. ድረስም ሊመልሱት አልቻሉም። ሳልተን የሚባለው ሐይቅ የተፈጠረው በዚያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከ1931 እስከ 1935 ዓ.ም. ከፍታው 221 ሜትር የሆነ ሁቨር የተባለ ግድብ ተሠራ። በስተኋላውም ሚድ የሚባል ሐይቅ ተጠራቀመ። ጎርፉ ታገደ፥ መብራት ተገኘ፥ ምድረ በዳውም ለመለመ። ይህን ጥቅም ማንም ሊክደው አይችልም። ቢሆንም ግድብ ጎተራ ነው እንጂ እርሻ አይደለም። ጎተራ በመከር የገባውን እህል ለክረምት ያቆያል፤ ከራሱ ግን አንዲት ቅንጣት አያበቅልም። ግድብም እንዲሁ የጎርፉን ጊዜ ውሃ ለድርቁ ጊዜ ያቆያል፤ ከሰማይ ያልወረደውን ግን ሊያመጣ አይችልም።

የኮሎራዶ ችግር የተጀመረው በአከፋፈሉ ነው። በ1922 ዓ.ም. ሰባቱ ክፍላተ ሀገር ወንዙን ለመካፈል ተዋዋሉ። ለላይኞቹ በየዓመቱ 9.25 ቢሊዮን፥ ለታችኞቹም እንዲሁ 9.25 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ተመደበ። አንድ ሜትር ኩብ ማለት ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም አንዳንድ ሜትር የሆነ ሣጥን የሚይዘው ውሃ ነው። በ1944 ዓ.ም. ደግሞ ለሜክሲኮ 1.85 ቢሊዮን በውል ተሰጠ። ድምሩ 20.35 ቢሊዮን ሆነ። ነገር ግን የመጀመሪያው ውል የተጻፈው ዝናምና በረዶ በበዛበት ወራት ስለ ነበረ፥ ወንዙ ሁልጊዜ እንደዚያው የሚሞላ መሰላቸው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ወንዙ የሚሰጠው በአማካይ በየዓመቱ 15 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። የቀረው አምስት ቢሊዮን «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው በወረቀት ላይ እንጂ በወንዙ ውስጥ አይገኝም።

ከሁቨር በላይ ግሌን ካንየን የሚባል ሁለተኛ ታላቅ ግድብ ተሠርቶ በ1963 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ። ሐይቁም ፓወል ተባለ። ሁለቱ ሐይቆች በአንድነት የወንዙን ከሦስት ዓመት የሚበልጥ ፈሳሽ ሊይዙ ይችላሉ። በ1983 ዓ.ም. ሁለቱም ሞልተው ነበር። በ2022 ዓ.ም. ግን በእያንዳንዱ የተገኘው ውሃ ከሙሉው ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። ግንቡ አልፈረሰም፤ ጎተራው እንዳለ ነው፤ የጠፋው እህሉ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛ ታላቅ ግድብ ቢጨመር ምን ይሆናል? አዲሱ ሐይቅ የሚሞላው ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርድ የነበረውን ውሃ ይዞ ነው። ይህም እህልን ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው እንደ መገልበጥ ነው፤ ሲገለብጡትም የሚፈሰው አይታጣም። የፀሐይ ሐሩር ከሐይቅ ፊት ብዙ ውሃ ያተንናልና። ደለሉም ሌላ ጉዳት ነው። የፓወል ሐይቅ ከ1963 እስከ 2018 ዓ.ም. ድረስ ከመያዣው ከመቶ ሰባት ያህሉን በደለል ምክንያት አጥቷል። በኢትዮጵያም በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1960 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ከደጋው በሚወርደው አፈር ብዙ ስፍራውን ተነጥቋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በታች ያሉት ሰዎች ነገር ነው። ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ኮሎራዶ በብዙው ዘመን ወደ ባሕር ሳይደርስ ይደርቃል። በወንዙ መጨረሻ ዓሣ እያጠመዱና እያረሱ ይኖሩ የነበሩት ኮኮፓ የሚባሉት ሕዝብ፥ የአባቶቻቸውን መተዳደሪያ አጡ። ከላይ የተቆጠበው ከታች የተወሰደ ነበረና።

መፍትሔው ታዲያ ከወዴት ነው? ሰው ከወንዙ ከሚወስደው ውሃ የሚበልጠው እጅ ለመስኖ ይውላል፤ ከዚህም ብዙው አልፋልፋና ሌላ የከብት መኖ ለማብቀል ነው። ስለዚህ ውሃ የሚቆጥብ አስተራረስና ጥቂት ውሃ የሚበቃው አዝመራ፥ ከአዲስ ግድብ ይልቅ ውሃ ያተርፋል። ላስ ቬጋስ የምትባለው ከተማ በቤት ውስጥ የተሠራበትን ውሃ አጣርታ ወደ ሚድ ሐይቅ ትመልሳለች፤ ለጌጥ ብቻ የተተከለውን ሣርም ታስነቅላለች። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ ያለው ሕዝብ ከ700,000 በላይ ሲጨምር፥ ከወንዙ ወስዶ የሚጨርሰው ውሃ ግን ቀነሰ።

ግድብ ለመሥራት የሚያስብ አገር ሁሉ ሦስት ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ። በዝናሙ ወራት ማንም ሳይጠቀምበት የሚያልፍ ውሃ አለን? በታች ያሉትስ ድርሻቸውን ያገኛሉን? የተራራውስ አፈር በእርከንና በዛፍ ተይዟልን? ለሦስቱም መልሱ «አዎን» ከሆነ ግድቡ በረከት ይሆናል። ውሃው አስቀድሞ ተከፋፍሎ ያለቀ ከሆነ ግን፥ ጎተራ ከመጨመር ይልቅ በልክ መብላትን መማር ይሻላል።