ጠመንጃው ሲለወጥ ሕጉ ምኑን ያያል? የመሣሪያ ማሻሻያና የሕግ ምደባ



የዛሬው ርእሳችን ጠባብ ይመስላል። የአንድ ጠመንጃ በርሜል ቢያጥር፣ ሰደፉ በታጣፊ ቢተካ፣ አተኳኮሱ ቢለወጥ፣ በሕግ ፊት ያው ጠመንጃ ነው ወይስ ሌላ? በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ ችሎት ለሚቆም ተከሳሽ ግን ጥያቄው የነፃነቱ ጥያቄ ነው። በወለጋ ዞኖች ባለፉት ዓመታት የዘለቀው የትጥቅ ግጭት ደግሞ መሣሪያ የያዘን ሰው ሁሉ በአንድ ዓይን የማየት ዝንባሌን አምጥቷል። ሕግ ሊቋቋመው የሚገባው ይህንኑ ዝንባሌ ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1874 ዓ.ም. የሸዋና የጎጃም ሠራዊት በሆሮ ጉዱሩ እምባቦ ላይ በተዋጉበት ዘመን በአገሩ ይዘዋወሩ የነበሩትን ጠመንጃዎች ስም እናስታውስ። ስናድር የምንለው መሣሪያ መነሻው በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረ የእንግሊዝ ኤንፊልድ ነው፤ ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኋላው እንዲጎርስ ተደርጎ ተለወጠ። ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራስ ሲሆን፣ ከፊሉ ቀለሃ ያለው ጥይት እንዲተኩስ የተለወጠ ሻስፖ ነበር። የጣሊያኑ ወጨፎም መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበር፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ካዝና ተገጠመለት። አባቶቻችን በስም ለይተው ያወቋቸው ጠመንጃዎች፣ እንግዲህ፣ ብዙዎቹ የተሻሻሉ ነበሩ። (ስሞቹ የባዕድ ሠሪዎች ስሞች መሆናቸውን ስንቶቻችን እናስተውላለን?)

በ1890 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የብራስልስ ውል ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ሲከፋፍል መለኪያው አሠራሩ ነበር። በርሜሉ ጥምዝ ያልሆነና በባልጩት የሚለኮስ ጠመንጃ በቁጥጥር ሊሸጥ ይችላል፤ «የተሻሻለ» መሣሪያ ግን ለመንግሥታትና ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ነው። የውሉ ዓላማ የባሪያ ንግድን መግታት ነው ቢባልም፣ አፍሪካዊው ደካማውን መሣሪያ እንዲይዝ ማድረጉ አያጠያይቅም። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን አንድ የብረት ክፍል መለወጡ ጠመንጃውን ከተፈቀደው ወደ ተከለከለው ወገን ያሻግረው ነበር።

ወደ ዛሬው ሕግ እንምጣ። ኢትዮጵያ የተቀላቀለችው የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል መሣሪያን ሲተረጉም ሦስት የግስ ጊዜያትን ይጠቀማል። በርሜል ያለውና ሰው የሚሸከመው መሣሪያ ጥይት በፍንዳታ ኃይል የሚተኩስ፣ ለመተኮስ የተሠራ፣ ወይም በቀላሉ ወደዚያ ሊለወጥ የሚችል ከሆነ የጦር መሣሪያ ነው ይላል። አሁን ያለበትን ሁኔታ፣ የተሠራበትን ዓላማ፣ ነገ ሊሆን የሚችለውን አንድ ላይ ያያል ማለት ነው። ስለዚህ ቃታው የተሰበረ ጠመንጃ የያዘ ሰው «አይተኩስም» በማለት ብቻ ነፃ አይወጣም። ፕሮቶኮሉ መሣሪያ ከአገልግሎት ውጪ ሆነ የሚለው ዋና ዋና ክፍሎቹ ዳግመኛ እንዳይሠሩ፣ እንዳይተኩና እንዳይለወጡ ሆነው በዘላቂነት ሲበላሹ ነው።

ይህ ግን የሚመልሰው «መሣሪያ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። «የትኛው ዓይነት ነው?» ለሚለው ሌላ መስመር ያስፈልጋል። እንደ እኔ ግምት በአገራችን ክርክር በብዛት የሚዘለለው እዚህ ላይ ነው። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል አባል አገሮች ሲቪሎች ቀላል የጦር መሣሪያዎችን፣ አውቶማቲክና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን እንዲሁም መትረየስን እንዳይዙ ፈጽመው እንዲከለክሉ ያስገድዳል። በዚህ መስመር ከተሄደ፣ ተከታታይ ተኩሱ ተዘግቶ ጥይት አንድ በአንድ ብቻ እንዲተኩስ የተደረገ ክላሽ ያው ከተከለከለው ወገን ነው። ልዩነት የሚያመጣው በእጅ እየተጎተተ የሚጎርስ መሆኑ ብቻ ነው። የሰደፉ መታጠፍም ምድቡን አይነካም።

ሌላው ዓለም መስመሩን በሌላ ቦታ ያሰምራል። በአሜሪካ ወሳኙ መስመር በአውቶማቲክና በከፊል አውቶማቲክ መካከል ነው፤ የጠመንጃ በርሜል ከ16 ኢንች ካነሰም መሣሪያው ወደ 1934ቱ ልዩ ሕግ ይገባል። በ2024 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተኩስ የሚያፈጥን የሰደፍ መሣሪያ የተገጠመለትን ጠመንጃ መትረየስ አይደለም ያለው፣ ቃታው አንድ ጊዜ ሲሠራ የሚተኮሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው በሚል ነበር። የእንግሊዝ የ1988 ሕግ ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል፤ አንድ ጊዜ የተከለከለ የነበረ መሣሪያ በኋላ ቢለወጥም እንደተከለከለ ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት የ2017 መመሪያ ይህንኑ ይከተልና ታጣፊነትንም ይጨምራል፤ ሰደፉ ሲታጠፍ ርዝመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር የሚያንስና እንደዚያው ሆኖ የሚሠራ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በጥብቁ ምድብ ይገባል። በእኛ ገበያ «ታጣፊ ክላሽ» ዋጋውን ከፍ የሚያደርግ ቅጽል ነው፤ በዚያ ግን የሕግ ምድብ ነው።

አሁን የምርመራ መዝገብ ገልጣችሁ ተመልከቱ። «አንድ ክላሽ»፣ «አንድ ኋላ ቀር ጠመንጃ»፣ «አንድ ብሬን» የሚል ብቻ ስታገኙ እነዚህ የመንደር ስሞች እንጂ የሕግ ምድቦች እንዳልሆኑ ልብ በሉ። ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሁለት ክላሾች አንዱ ተከታታይ የሚተኩስ፣ ሌላው የማይተኩስ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ከፍቶ የመረመረ ባለሙያ ነው። በመንደር ስም ላይ ብቻ የቆመ ክስ ለተከሳሹ መከላከያ የሚሆን ግልጽ ነገር አይሰጠውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ደግሞ በማመሳሰል ወንጀል መፍጠርን ይከለክላል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ዘርግቷል። ፈቃድ ደግሞ የሚሰጠው ተለይቶ ለሚታወቅ መሣሪያ ነው። የሰደፉ መለወጥ የመሣሪያውን ማንነት አያጠፋም፤ ቁጥሩ የተቀረጸበት አካል ከተተካ ግን ወረቀቱ የሚናገረው ሌላ መሣሪያ ስለሚሆን ነው። ቁጥርን መፋቅ በአተኳኮሱ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ የተባበሩት መንግሥታቱ ፕሮቶኮል ግን ራሱን ችሎ ወንጀል እንዲሆን ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቁጥሩ ከጠፋ የመሣሪያው ታሪክም ይጠፋል።

ከባዱ ጉዳይ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ እጅ የገዛው ገበሬ ነው። የተፋቀው ቁጥር ወይም የተለወጠው ክፍል የቀድሞው ባለቤት ሥራ ሊሆን ይችላል። ያለ ፈቃድ መግዛቱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ስለ ለውጡ ግን የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 57 እስከ 59 ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ በፍሬ ነገር ላይ የተፈጸመ ስሕተትንም አንቀጽ 80 ይመለከተዋል። የተፋቀ ቁጥር በዓይን ይታያል፤ «አላየሁም» ማለት ከባድ ነው። በውስጥ የተደረገ የአተኳኮስ ለውጥ ግን ለባለሙያም ቢሆን ሳይፈታ አይታይም። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ውሳኔ ይግባኝ ሊባልበት ይገባል። ተከላካይ ጠበቃም ባለሙያውን መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «መሣሪያው ምን ይባላል?» ብሎ አይደለም፤ «ከፍተህ ምን አገኘህ? ለውጡስ ከውጭ ይታይ ነበር ወይ?» ብሎ ነው።