በሴቶች ዞን የሚነበበው ቃል

ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኘው ዲላ የጌዴኦ ዞን ማረሚያ ተቋም መቀመጫም ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከዞኑ አራት ነዋሪ ሦስቱ ያህል ፕሮቴስታንት ነኝ ብሎ አስመዝግቧል። እንዲህ ባለ አገር በማረሚያው የሴቶች ዞን ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሰው መሰብሰብ አይከብድም። የሚከብደው ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ነው።

በሩን የሚከፍተው ሕጉ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኛ በዘመዶቹ፣ በሐኪሙና በሕግ አማካሪው እንደሚጎበኝ ሁሉ በሃይማኖት አማካሪውም እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦች ደግሞ እስረኛው ጉብኝቱን አልፈልግም ካለ ፈቃዱ ይከበርለት ይላሉ። ይህችኛዋ ነጥብ በቀላሉ ትዘነጋለች። ሳሙናና ሞዴስ ይዞ የመጣ ቡድን መጽሐፍ ሲገልጥ፣ ጠያቂ የሌላት ሴት ልቧ ባይፈቅድም «አልቀመጥም» ማለት ይቸግራታል፤ ኦርቶዶክሷንና ሙስሊሟን ይብስ። ስጦታው ላልተቀመጠችውም እኩል መድረስ አለበት።

ንባብ ብቻውንም አይበቃም። በ1817 እ.ኤ.አ. እስረኛ ሴቶችን ይረዳ የነበረው የኤልዛቤት ፍራይ ማኅበር በለንደኑ የኒውጌት ወህኒ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባቡን ብቻውን አልተወውም፤ ለልጆች ትምህርት፣ ለእናቶች የስፌት ሥራ አመጣ። የክፍሉ ደንብ የጸደቀውም እስረኞቹ ሴቶች እጅ አውጥተው ነበር።

ከውጭ የሚመጣ መሪ እግዚአብሔርን እኔ ይዤው ገባሁ ብሎ እንዳያስብም የአገራችን ታሪክ ያስጠነቅቃል። የቄስ ጉዲና ቱምሳ ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የደርግ እስረኛ ነበሩ። ጥናት ምሩልን ቢባል ከእሳቸው የሚቀድም ማን ነበር?

መጽሐፉ ራሱ አካሄዱን ያሳያል። በዘፍጥረት 16 መልአኩ ከእመቤቷ የሸሸችውን አጋርን በቅድሚያ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃታል፤ ትእዛዙ ከመልሷ በኋላ ነው። በዲላ ግን ጥያቄ ጥንቃቄ ይሻል። ክሷ ገና በችሎት ላይ ያለችን ሴት በሰው ፊት «በምን ታሰርሽ?» ማለት ነገሯን ሊያበላሽባት ይችላል። ስለ አጋር እያወሩ ስለ ራስ መናገር ይቻላል፤ ዝም ማለትም እንዲሁ።

የአካባቢው ሰው ጌዴኦኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ አማርኛ ይናገራል። አንዷ በቋንቋዋ ያለችውን ሌላዋ ትተርጉምላት፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ይፍጅ። ማንበብ የማትችለውም ታሪኩን ሰምታ በራሷ አንደበት መልሳ ትተርከው። እንዲህ የለመደ ቡድን መሪው በመንገድ መዘጋት ወይም በጠያቂ ክልከላ ቢቀር እንኳ አይበተንም፤ ከእስረኞቹ አንዷ ታነብለታለች፣ እሷ ስትፈታ ደግሞ ሌላዋ።